የግራው ጥግ ሣር

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ካለው ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። እዚያ የምሄደው ለሻዩ ብዬ አይደለም፤ ሻያቸው ቀጭን ነው፣ ስኳሩን ካላበዙበት ሙቅ ውሃ ነው። የምሄደው ከበረንዳው ጫፍ ሆኜ ቁልቁል የታችኛውን ከተማ ሲቀላን፣ ከሲቀላም ወዲያ የኩልፎን የሙዝ እርሻ ለማየት ነው። ጡረታ የወጣ ሰው የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ጎልፍ ይዟል። አስተናጋጁ እግር ኳስ ወዳለበት ጣቢያ ሊቀይረው ሪሞቱን ፈልጎ አጣው፤ ስለዚህ ሁላችንም ሳንወድ በግድ የጎልፍ ተመልካች ሆንን። አንድ ባለኮፍያ ሰው ትንሽ ኳስ ፊት አጎንብሶ ቆሟል። ቆመ፣ ቆመ፣ አሁንም ቆመ። «ይህ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው የማይመታው?» ብዬ ሳጉረመርም፣ አጠገቤ ላፕቶፑን ከፍቶ ይሠራ የነበረ ወጣት ሳቀ። ዘንድሮ ከአዲስ አበባ የመጣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነው። ጎልፍ በኢንተርኔት እንደሚከታተል ነገረኝ። መቼም የሰው ፍቅር አይመረመርም።

ጨዋታውን ያስረዳኝ ጀመር። ከተጻፈው ደንብ ይልቅ ያልተጻፈው ይበልጣል አለኝ። ሌላው ተጫዋች ኳሱን በሚሰድበት መስመር ላይ አይረገጥም፤ ጥላህ እንኳ ቢያርፍበት ነውር ነው። ሰው ሊመታ ሲል አይሳልም። ከሁሉ በላይ ግን አይማረርም። ስለ ሽልማቱ ማነስ፣ ጨዋታ እንድትጀምር ስለ ደረሰህ ሰዓት፣ በተለይ ደግሞ ስለ ሜዳው ሣር አፍህን ከከፈትክ አለቀልህ። ይህ ባለኮፍያ ትናንት ለጋዜጠኞች «ሣሩ አልተያዘም» ብሎ ተናግሮ፣ አገር ሁሉ ተቆጥቶት፣ ዛሬ ጠዋት ሣሩን የሚንከባከቡትን ሠራተኞች ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚጫወተው አለኝ።

«ሣር አማርሮ?» አልኩት።

«አዎ አባባ፣ ሣር አማርሮ።»

የሚያስቅ ነገር የነገረኝ መስሎት ፊቴን ያያል። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ከአርባ ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ፣ ከዚያ በረንዳ ቁልቁል በሚታየኝ ሜዳ ላይ፣ እኔም ሣር አማርሬ አውቃለሁ። ይቅርታ ለመጠየቅም ተራራ ወጥቻለሁ።

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው ከደብረ ብርሃን አርባ ምንጭ የመጣሁት። ያኔ ሰይፉ ሲሉኝ በግራ እግሩ የሚመታ፣ ቀጭን፣ ሲሮጥ የማይደክመው ልጅ ማለታቸው ነበር። የከተማው ክለብ ደመወዝ እየከፈለ ሊያጫውተኝ ሲጠራኝ እናቴ ስለ ደመወዙ ሳይሆን ስለ ወባው ነበር የጠየቀችኝ። አውቶቡሱ ምዕራብ ዓባያን ሲያልፍ አየር ልቀበል ብዬ መስኮቱን ብከፍተው፣ የገባው ነፋስ ከውስጡ የባሰ ትኩስ ሆነብኝ። እናቴ ያለበሰችኝን ሹራብ አወለቅኩና ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ሹራቡን እንደገና ያወጣሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ቡድናችን የተጻፈ ደንብ ነበረው። ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ፀሐይ ስላደበዘዘው ማንም አያነበውም። ያልተጻፈውን ግን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ታጥቦ የተሰጣ ማሊያ ላይ ተረማምደህ አታልፍም። አዲስ ገቢ የኳስ መረቡን ይሸከማል። አውቶቡስ ውስጥ የፊት ወንበር የአንጋፋዎቹ ነው። ሙቀቱን አታነሣም፤ ብታነሣ «ፀሐይዋ ላንተ ብቻ ወጣች እንዴ?» ይሉሃል። አሠልጣኙ ሲቀይርህ ለምን አትልም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የራስህን ሜዳ በሰው ፊት ክፉ አትናገርም። ሜዳ ያሳደገህ ነው፣ አሳዳጊ አይታማም ይባል ነበር።

ደንቡን ብትጥስ የሚቆጣህ የለም። ኳስ ብቻ አይደርስህም። መስመርህን ይዘህ ትሮጣለህ፣ እጅህን ታነሣለህ፣ ስምህን እየጠራህ ትጮኻለህ፤ ኳሱ ግን በሌላው በኩል ይሄዳል። ለተመልካች ምንም የሆነ ነገር የለም። አንተ ግን በአሥራ አንድ ሰው መሃል ብቻህን ቀርተሃል።

የሜዳው ጠባቂ ጋሼ አንጁሎ ይባሉ ነበር። የኦቾሎ ሰው ናቸው፤ ከዓባያ ሐይቅ በላይ ካለው የድንጋይ አፋፍ ወርደው ሲቀላ ውስጥ በተከራዩት ክፍል የሚኖሩ። ዕድሜያቸው ያኔ አሁን እኔ ያለሁበት ቢሆን ነው። አጭር ቁምጣና የጎማ ጫማ አድርገው፣ መኮትኮቻ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሜዳውን በእግራቸው ሲለኩ ይውላሉ። ከኩልፎ ወንዝ የተጠለፈች ቦይ ነበረችን፤ ከሙዝ አትክልተኞቹ ጋር በተራ ነበር የምንጠቀምባት። ተራችን ሲደርስ ጎህ ሳይቀድ መጥተው ውሃውን በመኮትኮቻቸው እየመሩ ሣሩን ሁሉ ያዳርሱታል። አማርኛ ሲናገሩ ሁሉ ነገር በሴት ነው፤ ሜዳዋ፣ ሣሯ፣ ውሃዋ ይላሉ። መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። በኋላ ግን ሜዳን በወንድ የሚጠራ ሰው ስሰማ ሜዳውን የማያውቀው ይመስለኝ ጀመር።

ለእኔ ያ ሣር ከሣርም በላይ ነበር። ሙቀቱ ሌሊቱን ሲያንገላታኝ አድሮ ጠዋት ሜዳው በር ላይ ስደርስ የረጠበ ሣር ሽታ ይቀበለኛል። ዓይኔን ከጨፈንኩ ደብረ ብርሃን ነኝ። ናፍቆቴን የሚያስታግስልኝ እሱ ብቻ ነበር። ይህን ለማን እናገራለሁ? ናፍቆትም እንደ ሙቀቱ የማይነሣ ነገር ነው።

ጋሼ አንጁሎ በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆመው እያንዳንዳችንን «ቅሬታ አለ?» ይሉን ነበር። የአካባቢው ልጆች «ጋሼ፣ ጎሉ ጋ ጎድጉዷል»፣ «መሃሏ ረዝማለች» እያሉ ያልፋሉ። እኔ ግን ያሳደገኝን ቤት ወግ ይዤ «ምንም የለም ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። እኛ አገር ሽማግሌ ሰው «ምን ጎደለህ?» ቢልህ መልሱ «ሁሉ ሙሉ ነው» ነው። ጥያቄው እንደምን አደርክ ከማለት የተለየ መሆኑ ለአንድም ቀን አልታየኝም። እሳቸውም ዓይኔን ትንሽ አየት ያደርጉና «እሺ» ብለው ወደሚቀጥለው ይዞራሉ።

ምንም የለም እላለሁ እንጂ ነበረኝ። የምጫወትበት የግራው ጥግ እንደ ሌላው አልነበረም። ሣሩ ሳስቶ መሬቱ ከሥር ይጠነክራል፤ ኳስ ስታርፍበት ወዴት እንደምትነጥር አይታወቅም። አንዴ ቁርጭምጭሚቴን ወለም ብሎኝ ሳምንት አንክሻለሁ። ይሉኝታ ግን ለቁርጭምጭሚትም አይራራም፤ እያነከስኩም በሩ ላይ «ምንም የለም» አልኩ።

ጥር ላይ ነው ነገሩ የመጣው። በሜዳችን ስንጫወት ዜሮ ለዜሮ ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ የቡድኑ አምበል ቶማስ ከመሃል ረጅም ኳስ ላከልኝ። ቶማስ ሲቀላ የተወለደ ጋሞ ነው፤ ንግግሩ ጥቂት፣ ኳሱ ግን የማይስት። ጎሉ ባዶ ነበር። ኳሷ ግራው ጥግ ላይ አርፋ ነጠረችና በእግሬ አናት ላይ ዘላ ወጣች። ሜዳው ሙሉ ሕዝብ በአንድ ድምፅ «ኧረ!» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም እግሬን ፈጥኜ አንሥቼ ነበር። ይህን ለራሴ ያመንኩት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከሜዳ ስወጣ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ቴፑን አፌ ላይ ደቀነ። ላብና እፍረት ተደባልቀውብኛል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ስድስት ወር በሆዴ የያዝኩት በአንድ ትንፋሽ ወጣ። «ምን ላድርግ፣ ሜዳው ነው፤ የግራው ጥግ ሣር የሚባል ነገር የለውም፤ የሚንከባከበው ሰው ያለም አይመስልም» አልኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሲቀላ ዓሣ ቤት ተሰብስበን ዳጣ በቀረበበት ዓሣ ምሳ ስንበላ የስፖርት ፕሮግራሙ ጀመረ። የራሴን ድምፅ በሬዲዮ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሞኝነቴ፣ ደስ ብሎኝ ጓደኞቼን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማንም አላየኝም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ስትወጣ ሁሉም የሚበሉትን አቆሙ። የዓሣ ቤቱ ባለቤት ከኋላ መጥታ ሬዲዮውን ቀነሰችው። ቶማስ ብቻ ቀና ሳይል «ዓሣህን ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በማግሥቱ ጋሼ አንጁሎ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ቆመዋል። ከፊቴ ያለውን ጠየቁ፣ ከኋላዬ ያለውን ጠየቁ። እኔን ዝም አሉኝ። ስድብ ብሰማ ይሻለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ሰው የለም። መኮትኮቻቸው ታጥቦ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ወደ ኦቾሎ ወጥተዋል ተባለ። ቢሮው ይህን ሲሰማ «እንኳን ሄዱ፣ በሬዲዮ ያዋረዱን እሳቸው ናቸው» ብሎ፣ ወሩ እስኪያልቅ ካልተመለሱ ሌላ ሰው እንደሚቀጥር ነገረን። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ሜዳ በእኔ አንድ ቃል ሊወሰድባቸው ነው።

እኔም ቅጣቴን ጀመርኩ። ልምምድ ላይ እሮጣለሁ፣ እጄን አነሣለሁ፣ ኳስ የለም። ሣሩም ከእኔ ጋር የሚቀጣ ይመስል ከዕለት ወደ ዕለት ቢጫ ይሆን ጀመር። የውሃ ተራችን ሲደርስ እኛው እንምራው ብለን ቦይዋን ብንከፍታት፣ ውሃው ጎሉን ኩሬ አድርጎ ሌላውን ሳይነካ ወደ መንገዱ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የሞከረ የለም። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ የሚቀበለኝ ሽታ ጠፋ። ሌሊት ስተኛ ደብረ ብርሃንን ሳይሆን ያንን ሽታ መናፈቅ ያዝኩ።

አንድ ቀን ልምምድ እንዳለቀ ቶማስን ብቻውን አግኝቼ ለመንኩት። ሜዳ አይታማም የሚለውን ደንብ ጥሻለሁ፣ አጥፍቻለሁ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«አልገባህም» አለኝ። «መናገርህ አይደለም ጥፋቱ። እኛ ዘንድ ቅሬታ ይዞ ዝም ማለት ነው ነውሩ። ጎሜ ይሉታል፤ አንዱ የደበቀው ለሁሉም ይተርፋል። ሰውዬው በየቀኑ ጠየቀህ። አንተ በየቀኑ ዋሸኸው።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጨዋ ነኝ ብዬ ስኮራበት የነበረው ነገር ውሸት ሆኖ ተገኘ። ቶማስ እሑድ ጠዋት ይዞኝ ሊወጣ ተስማማ፤ ይቅርታ የሚለምን ሰው እርጥብ ሣር ይይዛልና እንዳትረሳ አለኝ።

እርጥብ ሣር በዚያ በጋ ከየት ይመጣል? ከሜዳው መሃል ብቻ ትንሽ አረንጓዴ ቀርቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ሄጄ፣ እስከ እሑድ እንዳይጠወልግ ብዬ አስቤ፣ አንድ ጭብጥ ከነሥሩ ነቀልኩ። በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ፣ ውሃ አርከፍክፌ አሳደርኩት። በብልህነቴ ረክቼ ተኛሁ።

በጭነት መኪና እስከ ላንቴ ሄደን ከዚያ በእግር ነበር። አቀበቱ ለእግር ኳስ ተጫዋች እንኳ የሚበገር አይደለም። ዳገቱን በገፋነው ቁጥር ሙቀቱ ከኋላችን እየቀረ፣ አየሩ እየሰላ መጣ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠራው እርከን፣ በየጓሮው የቆመው እንሰት፣ ከታች ደግሞ ዓባያ ደፍርሶ የተኛበት ሜዳ። አፋፉ ላይ ስንደርስ ሹራቤን አውጥቼ ለበስኩ። ብርዱ የአገሬ ብርድ ነበር። ለካ ስድስት ወር ሙሉ የናፈቅኩት ነገር ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ሲያየኝ ኖሯል።

ጋሼ አንጁሎ ደጃፋቸው ላይ ሸማ እየሠሩ አገኘናቸው። መወርወሪያው እጃቸው ላይ ሲመላለስ ቆመን ጠበቅን። አይተውናል፤ ግን ማጉን እስከ ዳር ሳያደርሱ ቀና አላሉም። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ወደ ዱቡሻው መሩን። ዱቡሻ የአገሬው መሰብሰቢያ ነው፤ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ሽማግሌዎች የሚቀመጡባቸው ድንጋዮች ተደርድረው ያሉበት ገላጣ ቦታ። አምስት ሽማግሌዎች ተጠርተው መጡ። አንደኛው ቆሞ መረቀ፤ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ ልጁን፣ አገሩን። ቶማስ በሹክሹክታ ይተረጉምልኛል። እኔንም መረቁኝ፤ ገና ጥፋቴን ሳይሰሙ።

ተንበርክኬ የሙዝ ቅጠሌን ፈታሁና ሣሩን በሁለት እጄ ዘረጋሁ። ጋሼ አንጁሎ ጎንበስ ብለው አዩት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህችን ከየት አመጣሃት?»

«ከሜዳው ነው ጋሼ። ከመሃል።»

«ከነሥሯ ነቀልካት?»

ቶማስ ግንባሩን ያዘ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገሩ ሲገባው ሳቁን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። የሣር ጠባቂ ሰው ዘንድ ይቅርታ ልለምን የወጣሁት፣ እሳቸው በሬዲዮ ከተዋረዱበት ሜዳ የተረፈችውን ሣር ነቅዬ ነበር። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

እሳቸው ግን ከእኔ ጋር አልነበሩም። ሣሩን ከእጄ ወስደው ሥሩን በጣታቸው ፈተሉት፣ አሸተቱት፣ አንዷን ቆርጠው ጥርሳቸው ላይ አደረጓት። ስንት ቀን ውሃ እንዳላገኘች ጠየቁ። ዘጠኝ ቀን አልናቸው። «ገና አልሞተችም» አሉ፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው።

ይቅርታ ልበል ስል ትልቁ ሽማግሌ እጁን አነሣ። ይቅርታው ይቆይ፣ መጀመሪያ ቅሬታውን ለባለቤቱ ይንገር ብሎ በጋሞኛ ተናገረ። እኔ በአባትነት ዕድሜ ያለ ሰው ፊት ለፊት «ይህ ነገርህ ልክ አይደለም» ብዬ አላውቅም። ቢሆንም የግራው ጥግ እንደሚጠነክር፣ ኳስ እንደሚያነጥር፣ ቁርጭምጭሚቴን እንዳሳመመኝ ተናገርኩ። ስጨርስ ሰማይ አልወደቀም። ጋሼ አንጁሎ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተው ቆዩና በአማርኛ መለሱልኝ።

«እውነትህን ነው። ያቺ ጥግ ከፍ ትላለች፣ ውሃዋ አትወጣላትም። በጄሪካን እሸከምላታለሁ። ግን የት ጋ እንደምትጠማ ዓይኔ አያውቅም። እዚያ የሚሮጠው እግር ያንተ ነው። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት የምጠይቅህ።»

«እኔ ሰላምታ መስሎኝ ነበር ጋሼ» አልኩ።

ቶማስ ይህን ሲተረጉም ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሳቁ። ጋሼ አንጁሎም ሳቁ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሹራብ ለብሶ ሣር ፊት ተንበርክኮ ሲያለቅስ ማየት ጥሩ ነገር አይደለም። ከዚያ ቤታቸው ገብተን ኩርኩፋ በላን፤ የበቆሎ ድብልብሉ ሽፈራው ከሚባለው ከሀለኮ ቅጠል ጋር የተቀቀለ፣ ትኩስ፣ ጨው ያነሰው። ባለቤታቸው ሣሩን ቅል ውስጥ ውሃ አድርገው አኖሩት። እመጣለሁ ወይም አልመጣም አላሉንም። ስንወጣ ብቻ ቅሉን እንዳንነካው፣ እሳቸው ራሳቸው እንደሚይዙት ነገሩን።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሌሎቹን አሳልፈው እኔን አስቀሩኝ። ጫማህን አውልቅ አሉኝና ወደ ግራው ጥግ ወሰዱኝ። በባዶ እግሬ እየሄድኩ «እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ» ስል ከኋላዬ እንጨት እየተከሉ ተከተሉኝ። የነቀልኩትን ሣር አንድ በአንድ እዚያው ተከሉት። ውሃውን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጄሪካኑ የእኔ ሆነ። አዲስ ገቢ መረብ ይሸከማል፣ የግራ ክንፍ ውሃ ይሸከማል የሚል አንድ ያልተጻፈ ደንብ ተጨመረ።

የመጋቢቱ ዝናብ ሲመጣ ጥጉ ያዘ። በሜዳችን ስንጫወት ቶማስ ከመሃል ቀና ብሎ አየኝና ያንን ረጅም ኳስ ላከልኝ። ኳሷ አርፋ ተንከባለለች፤ ነጥራ አልሄደችም። ጎል አላገባሁም፣ በረኛው ያዘብኝ። ግን ኳስ ደርሶኛል። ስወጣ ያው ጋዜጠኛ ቴፑን ደቅኖ ስለ ሜዳው ጠየቀኝ። ያለኝን ለባለቤቱ እነግራለሁ ብዬ አለፍኩት። በሩ ጋ የቆሙት ጋሼ አንጁሎ ይህን ሰምተው መኮትኮቻቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። ደስ ሲላቸው እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።

እንዲያ ሁለት ዓመት ኖርን። በሕይወቴ እንደዚያ የኖርኩበት ጊዜ የለም። በየጠዋቱ «ቅሬታ አለ?» ሲሉኝ የእውነቴን እነግራቸው ነበር፤ መጀመሪያ ስለ ሣሩ፣ በኋላ ስለ አሠልጣኙ፣ ስለ ደብዳቤ መዘግየት፣ ስለ እናቴ ሕመም። እሳቸውም የሚተከለውን ይተክላሉ፣ የማይተከለውን ሰምተው ዝም ይላሉ። በሩ ላይ ስደርስ ከብዶኝ የነበረው ነገር ሜዳ ስገባ ቀሎኝ ይገኛል።

ከዚያ የአዲስ አበባ ክለብ ጠራኝ። ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ አለኝ፤ ዕድል በር ስታንኳኳ ክፈት ተባለ። እኔም ከፈትኩ። የምሄድ ቀን ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ልሰናበት ሜዳው በር ላይ ደረስኩ። ሣሩ ውሃ ጠጥቶ ይሸታል። ጋሼ አንጁሎ እንደ ወትሮው ዓይኔን አዩኝ።

«ዛሬስ ቅሬታ አለ?»

«ምንም የለም ጋሼ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው።

እንዲህ ያለ ዕድል አግኝተህ ምን ጎደለህ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ጥቂት ቆዩ፤ የምጨምረው ነገር ካለ እየጠበቁ ይመስለኛል። ከዚያ «እሺ» ብለው ወደ ቦያቸው ተመለሱ። ያንን «እሺ» አውቀዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሚሉኝ «እሺ» ነበር።

አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ተጫወትኩ፣ ጉልበቴ ተጎዳ፣ የስፖርት መምህር ሆኜ፣ አግብቼ ወልጄ፣ ተማሪ ሳስሮጥ ዕድሜዬ አለቀ። በቶማስ በኩል ሰላምታ እንላላክ ነበር። እመጣለሁ እያልኩ ፋሲካን ለገና፣ ገናን ለፋሲካ ሳስተላልፍ ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ ዘመዶቼ ደብረ ብርሃን ይመለሳል ሲሉ አርባ ምንጭ መጥቼ ቤት ተከራየሁ። ከአውቶቡስ ስወርድ የተቀበለኝ ቶማስ ነው፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ንግግሩ አሁንም ጥቂት ነው። ጋሼ አንጁሎስ አልኩት። ሻንጣዬን ተቀብሎኝ ጥቂት ከሄድን በኋላ ማረፋቸውን ነገረኝ፤ የመጨረሻ ጊዜያቸውን ኦቾሎ ሸማ እየሠሩ ነበር ያሳለፉት፣ ያ ሰላምታ የማያውቀው ልጅ እንዴት ሆነ እያሉም ይጠይቁ ነበር አለኝ።

እሑድ ዕለት ጎልፉ ሳያልቅ ሒሳቤን ከፍዬ ተነሣሁ። ወጣቱ አስተማሪ ያስቀየመኝ መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ምንም አላስቀየምከኝም ብዬ ትከሻውን መታ አደረግኩት። በባጃጅ ወደ ሲቀላ ወረድኩ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሜዳው በር ላይ አንድ ዘበኛ ተቀምጦ ነበር።

«አባባ፣ ምን ፈልገው ነው?» አለኝ።

«ምንም የለም» አልኩት። ምላሴ የለመደችው እሱን ነው።

አስገባኝ። ሜዳው አጥሩ አምሯል፣ ወንበር ተሠርቶለታል፣ ሣሩ ግን ሜዳውን በወንድ የሚጠራ ሰው የያዘው ዓይነት ነው። ግራው ጥግ ስደርስ ጫማዬን አወለቅኩ። መሬቱ ጠንክሯል። በእግሬ እየፈለግኩ እንጨት የተከልንበትን ቦታ አገኘሁት መሰለኝ፤ እግር አይረሳም። ወደ አርባ ዓመት ገደማ አንድ ሰው ቆሞ ዓይኔን እያየ እንዲጠይቀኝ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ሚስቴ ጠይቃኛለች፣ ልጆቼ ጠይቀውኛል፤ ለሁሉም ምንም የለም ብያለሁ። ጎንበስ ብዬ የደረቀውን ሣር በእጄ ነካሁት፤ አልነቀልኩትም።

«ጋሼ» አልኩ፣ ዘበኛው እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ያን ቀን ቅሬታ ነበረኝ። መሄድ አልፈለግኩም ነበር።»